መብረቅ ያስተማረው የመጭመቅ ኃይል

ከሮቤ በስተ ምዕራብ፥ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በ1981 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ የማመንጨት አቅሙም 153 ሜጋ ዋት ነው። አንባቢው ይህን አኃዝ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

ኤሌክትሪክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መብራትን፥ ምጣድንና ወፍጮን ነው፤ ብረትን የመጭመቅ ኃይል እንዳለው የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ይህንንም ለሊቃውንት ያስተማራቸው መብረቅ ነበር። በአውስትራልያ፥ ሃርትሊ ቬል በተባለ ስፍራ፥ በአንድ የላምባ ማጣሪያ ላይ የቆመ የመዳብ ቧንቧ መብረቅ ከወረደበት በኋላ ተጨምድዶ ተገኘ። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፖሎክና ባራክሎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ነገሩን መርምረው፥ ቧንቧውን የጨመቀው የውጭ ምት ሳይሆን፥ በላዩ ያለፈው ኤሌክትሪክ ራሱ የፈጠረው የማግኔት ኃይል መሆኑን ገለጡ።

መብረቅ ግን በቀጠሮ አይመጣም። ስለዚህ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኤርቪን ማርክስ በ1924 ካፓሲተር የተባሉትን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች ጎን ለጎን አያይዞ ቀስ በቀስ ከሞላ በኋላ፥ አንዱን ከአንዱ ቀጥሎ ባንድ ጊዜ የሚያራግፍ መሣሪያ ፈለሰፈ። በ1960ዎቹም በእንግሊዝ ሀገር፥ በአልደርማስተን፥ ጄ. ሲ. ማርቲንና ባልደረቦቹ ማራገፊያውን ጊዜ እጅግ አሳጠሩት። አልደርማስተን የአቶሚክ ጦር መሣሪያ የምርምር ጣቢያ መሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ ይህ ዕውቀት ያደገው በሰላም አሳብ ብቻ አይደለም።

ዛሬ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው በአሜሪካ፥ በአልበከርኪ ከተማ፥ በሳንዲያ የምርምር ተቋም የሚገኘው ዜድ የተባለው መሣሪያ ነው። በ36 የማጠራቀሚያ ክፍሎች የሚያከማቸው ኃይል ወደ 22 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። መልካ ዋከና በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ይህን ያህሉን በአንድ ሴኮንድ ሰባተኛ ገደማ ያመነጨዋል! እንግዲህ የሚያስደንቀው የኃይሉ ብዛት ሳይሆን የአወጣጡ ፍጥነት ነው። ዜድ 26 ሚሊዮን አምፔር የሚያህል ኤሌክትሪክ በ100 የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ ሲለቅ፥ ጉልበቱ ለዚያች ቅጽበት 80 ትሪሊዮን ዋት ይሆናል፤ ይኸውም ከአምስት መቶ ሺህ መልካ ዋከናዎች ይበልጣል።

ይህ ለእኛ ምን ይረባናል የሚል ይኖር ይሆናል። የባሌ ተራሮች ከምድር ውስጥ በፈለቀ የቀለጠ ዐለት የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ እጅግ ጠልቆ፥ በምድር እምብርት ያለውን ግን ቆፍሮ ሊደርስበት የሚችል የለም። በዜድ የሚገኘው ግፊት የዚያን እምብርት ግፊት እንኳ ስለሚያልፍ፥ ማዕድን በዚያ ሁኔታ ምን እንደሚሆን ሊለካ ይችላል። በ2015 ከባድ ሃይድሮጅን በዚሁ መሣሪያ ሲጨመቅ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ መሆኑ ታየ፤ ይህም የጁፒተርን ውስጠኛ ጠባይ ለመረዳት ይጠቅማል።

በእያንዳንዱ ሙከራ የመሣሪያው መካከለኛ ክፍል ተሰባብሮ ስለሚቀር፥ ጠርጎ እንደገና ማደራጀት ግድ ነው። የተጨመቀውም ናሙና ይጠፋል፤ ለሊቃውንቱ የሚተርፋቸው በዚያች ቅጽበት የተመዘገበው ልክ ነው።