ከፍርድ በፊት ማዳመጥ፦ የሙዚቃ ሕክምና ምርመራ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1996 በለንደን ፑትኒ በሚገኝ የነርቭ ጉዳተኞች ሆስፒታል የሚሠሩ ባለሙያዎች በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አንድ አስደንጋጭ ጥናት አሳተሙ። በቬጀቴቲቭ ስቴት ውስጥ ናቸው፣ ማለትም ዐይናቸው ቢገለጥም ስለራሳቸውም ሆነ ስለአካባቢያቸው ግንዛቤ የላቸውም ተብለው ከተላኩ 40 ሕሙማን መካከል በ17ቱ ላይ የተሰጠው ፍርድ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህም 7ቱ ከአንድ ዓመት በላይ እንዲሁ ተቆጥረው ቆይተዋል። በስሕተት ከተፈረደባቸው አብዛኞቹ ዐይነ ስውራን ወይም የማየት ችሎታቸው በእጅጉ የተዳከመ ነበሩ። የሚታይ ነገር በዐይኑ እንዲከተል የሚጠየቅ ሰው ማየት ካልቻለ ምን መልስ ሊሰጥ ይችላል?

ጥናቱ ስለሙዚቃ የተጻፈ አልነበረም። ሆኖም መናገር፣ መንቀሳቀስና ማየት የተሳነውን ሰው በምን መንገድ እንመርምረው የሚለው ጥያቄ ለሙዚቃ ሕክምና ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም።

ሙያው በዘመናዊ መልኩ የተደራጀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ማግሥት በአሜሪካ ነው። ሙዚቀኞች በቁስለኛ ወታደሮች ሆስፒታሎች እየተገኙ ይጫወቱ ነበር። በ1944 በሚሺጋን ስቴት የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተጀመረ፤ በ1950 ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። ሙዚቃ እንደሚያጽናና የሚክድ የለም፤ ማጽናናት ብቻውን ግን ሕክምና አይባልም። አስቀድሞ የበሽተኛውን ሁኔታ መመዝገብ፣ በኋላም ለውጡን መለካት ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና እንግሊዛዊው የልዩ ትምህርት መምህር ክላይቭ ሮቢንስ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በ1959 በእንግሊዝ አገር በሰንፊልድ ተገናኝተው ከአካልና ከአእምሮ ጉዳተኛ ሕፃናት ጋር መሥራት ጀመሩ። ሕፃኑ ከበሮ ሲመታ፣ ሲጮኽ ወይም ሲወዛወዝ ኖርዶፍ በፒያኖ ይከተለዋል። የተደረገው ሁሉ በቴፕ ይቀዳል፤ በኋላም በጥሞና ይደመጣል። በ1977 በታተመው መጽሐፋቸው ሕፃኑ ከባለሙያው ጋር ያለውን ግንኙነትና በሙዚቃ የመግባባት ችሎታውን የሚለኩባቸውን ደረጃዎች አቀረቡ።

በፑትኒው ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዌንዲ ማጊና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ሐሳብ ንቃተ ኅሊናቸው ወደተጎዳ አዋቂዎች አመጡት። ማታዶክ የተባለውና 14 ነጥቦች ያሉት መለኪያቸው በ2014 ለሕትመት በቃ። ባለሙያው በቅድሚያ በሽተኛውን በጸጥታ ይመለከታል። ከዚያም ነጠላ ድምፅና በሽተኛው የሚያውቀውን ዜማ በአካል ተገኝቶ ያሰማል፤ ዐይኑን፣ ፊቱን፣ እስትንፋሱንና እንቅስቃሴውን ይከታተላል። ምርመራው በተለያዩ ጊዜያት ይደጋገማል። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ መደንገጥ ንቃተ ኅሊናን አያረጋግጥምና፤ የበሽተኛው ንቃትም ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣልና። መለኪያው የነርቭ ምርመራን ያግዛል እንጂ አይተካም።

እኛ የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ በአጠገባችን ላይኖር ይችላል። ትምህርቱ ግን ከሁላችንም ደጅ የራቀ አይደለም። «አይሰማም፣ አያውቅም» ብለን በካርዱ ላይ ከመጻፋችን በፊት ዐይኑ ያያልን? ጆሮው ይሰማልን? ብለን እንመርምር። አስታማሚዎቹንም ምን መስማት ይወድ እንደነበር እንጠይቅ። በአንድ ጉብኝት ያላየነውን በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ደግመን እንፈልግ። በካርድ ላይ የሰፈረ ቃል ለዓመታት ሳይመረመር ሊቆይ እንደሚችል እነዚያ 7 ሕሙማን ምስክር ናቸው።