ወላጅ የሚቀመጥባት ወንበር

እኛ በተማርንበት ት/ቤት «ወላጅ ይዘህ ና» ማለት ጥፋት ተገኘ ማለት ነው። አባት ኮቱን ለብሶ ይመጣል፣ ዩኒት ሊደሩ ይናገራል፣ አባት «እንደ ልጃችሁ ቅጡት» ብሎ ይሄዳል። አለቀ።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያሉ ሐበሾች ልጃቸው ኦቲዝም አለበት ወይም ማንበብ ከበደው ሲባል የሚጠሩበት ስብሰባ ግን ሌላ ነው። አይ.ኢ.ፒ ይሉታል፤ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚጻፍ የትምህርት ዕቅድ ነው። መምህራኑ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውና የት/ቤቱ ተወካይ ጠረጴዛውን ከበው ይቀመጣሉ። ወላጅም በሕግ የቡድኑ አባል ነው። ብዙዎቻችን ግን ያንን የድሮውን «ወላጅ ይዘህ ና» ይዘን እንገባለን። እናት አንገቷን ነቅንቃ፣ አመስግና፣ ፈርማ ትወጣለች። ያቺ ወንበር እንዴት እንደተገኘች ብናውቅ እንዲህ ቶሎ የምንፈርም አይመስለንም።

እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ት/ቤት «ይህ ልጅ አይማርም» ካለ ነገሩ አበቃ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከመንግሥት ት/ቤት ጭራሽ ውጭ እንደነበሩ ኮንግረሱ ራሱ በ1975 ጽፎታል። በ1971 የፔንሲልቬኒያ ወላጆች ማኅበር ግዛቱን ከሶ አስማማ። ቀጥሎ ጉዳዩ ዲሲ ገባ።

የዲሲው ክስ «ሚልስ» በሚል ስም ይታወቃል። ከሳሾቹ 7 ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ጥቁር። በ1971–72 የትምህርት ዘመን 12,340 ጉዳት ያለባቸው ልጆች ትምህርት እንደማያገኙ ያመነው ደግሞ ከተማው ራሱ ነው! መከላከያው ምን ነበር? ገንዘብ የለንም። ዳኛ ጆሴፍ ዋዲ በኦገስት 1972 ፈረዱ፦ ገንዘቡ ካነሰ እጥረቱን ሁሉም ይካፈለው እንጂ በእነዚህ ልጆች ላይ ብቻ አይውደቅ። ብዙ ሰው የሚያነሳው ይህንን ነው፤ እኛን የገረመን ግን ከሥር ያለው ዝርዝር ነው። ልጁን ከመመደብ ወይም ከማስወጣት በፊት ወላጅ በጽሑፍ ይነገረው፣ የልጁን መዝገብ ይመልከት፣ ተወካይ ይዞ ይከራከር ይላል። የዛሬው ስብሰባ አንዱ ሥር ይኸው ነው።

ኖቬምበር 29 ቀን 1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ፣ እያጉረመረሙም ቢሆን፣ አገር አቀፉን ሕግ ፈረሙ።

ሁሉም ነገር ለወላጅ ያደላል ማለት ግን አይደለም። የእኛ ሰዎች በብዛት ከሚኖሩባት ከሜሪላንዷ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሄደ ክስ በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ የማስረዳት ሸክሙ የቅሬታ አቅራቢው ነው ተባለ። አብዛኛውን ጊዜ ቅሬታ የሚያቀርበው ማን ነው? ወላጅ። ስለዚህ ስብሰባው ላይ የተባለውን መጻፍ፣ የተሰጠንን ወረቀት ሁሉ ማስቀመጥ የግድ ነው።

ቋንቋውስ? ወላጅ የሚባለውን እንዲረዳ አስተርጓሚ ማቅረብ የት/ቤቱ ግዴታ ነው። ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች፤ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። እንዲያም ሆኖ የአሥረኛ ክፍል ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ የምትገባ እናት አለች። የወንድሟን ድክመት ለእናቷ መተርጎም ለዚያች ልጅ ምን ያህል እንደሚከብዳት አስቡት።

«ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለትም ነውር የለበትም። የመጀመሪያው የልዩ ፍላጎት አገልግሎት ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀመርም።