ዕጣ የደረሰን መንገድ

መሥሪያ ቤታችን አዲስ ልጅ ሲቀጠር ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ሰፈርህ የት ነው?» ነው። ሳሪስ፣ ገርጂ፣ ስድስት ኪሎ ካለ ወሬው እዚያው ያልቃል። ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ወይ ቱሉ ዲምቱ ካለ ግን ሁሉም ከስክሪኑ ቀና ይላል። «ውይ! ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?»

እኔ የቱሉ ዲምቱ ነኝ። የምነሳው ከሌሊቱ አስር ተኩል ነው። አስራ አንድ ሰዓት ሰልፍ ላይ ከሆንኩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወይ ትንሽ አለፍ ሲል መገናኛ እደርሳለሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከወጣሁ ግን መቼ እንደምደርስ አላውቅም።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። በእኛ ሙያ አንድ ነገር ሲዘገይ ማንንም ከመውቀስህ በፊት ጊዜው የት ላይ እንደሚጠፋ ትፈልጋለህ። የአዲስ አበባ ሰው ስለ መንገድ ሲያማርር የሚያወራው ስለ ታክሲ ነው፦ ታክሲ ጠፋ፣ ታሪፍ ጨመረ፣ ወያላው ሰደበኝ። እኔን ግን የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነው። እንጀራዬና አልጋዬ መካከል ይሄን ሁሉ ኪሎ ሜትር ያስቀመጠው ማነው? በየሰልፉ ላይ፣ በየታክሲው ወንበር ላይ ያነበብኩት የከተማዋ ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረኛል፤ ይህን ርቀት የመረጠው ሠራተኛው ራሱ የሆነበት ዘመን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከቃሉ ልጀምር። «ሰፈረ» ማለት ድንኳን ተከለ፣ ጦር አረፈ ማለት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፣ አፄ ምኒልክም ከእንጦጦ ወረዱ። ለመኳንንቱ በየጉብታው ላይ መሬት ተሰጣቸው። ጌታው ከላይ ይሆናል፤ ከሥሩ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ እንጨት ፈላጩ ጎጆውን ይቀልሳል። ራስ መኮንን፣ ራስ ብሩ፣ ፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ በየስማቸው የሚጠሩ ሰፈሮች የነበሯቸው ለዚህ ነው። ሠራተኛ ሰፈርም ለቤተ መንግሥቱ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። በዚህች ከተማ ሥራህ ጌታህ ደጅ ነው፤ ቤትህም የጌታህ አጥር ሥር ነው። መንገድ ላይ የሚጠፋ ሰዓት የለም። በምትኩ ጌታህ ፊቱን ያዞረብህ ቀን ሥራህንም ቤትህንም በአንድ ቀን ታጣለህ። ቅርበቱ የመጣው ከዚህ ጋር ተጣብቆ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ውጪ የነበሩት ማገዶ ተሸካሚዎቹ ናቸው። ዙሪያው ያለው ጫካ አልቆ ከተማዋ ማገዶ ሲያጥራት ምኒልክ ትተዋት ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ አስበው ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ያስቀራት። ከዚያ ወዲህ የእንጦጦ ሴቶች ጠዋት ባዶ ጀርባቸውን ሽቅብ ይወጣሉ፣ ከሰዓት ጎንበስ ብለው ከራሳቸው የሚረዝም ሸክም ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ። እኔም አሁን ድረስ አያቸዋለሁ። የእኛ የርቀት ነገር ከተነሳ ቅድሚያው የእነሱ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ከተማዋን በወረቀት ላይ እንደ አዲስ ሣላት። ለኮርቡዚየ የሚባለው ዝነኛ አርክቴክት ሳይቀር ንድፍ ሞካክሮላት ነበር፤ ነባሩን ነገር ጠራርጎ የሚያጠፋ ንድፍ ነው። ሥራው የተሰጣቸው ግን ጉይዲና ቫሌ የተባሉ ጣሊያኖች ናቸው። የዕቅዳቸው ልብ ቀላል ነው፦ ነጩ እዚህ፣ አበሻው እዚያ። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። ወራሪው አምስት ዓመት ብቻ ስለቆየ ዕቅዱ ሳያልቅ ቀረ። ሆኖም ሰው የሚኖርበትን ቦታ ቢሮ የተቀመጠ ባለሥልጣን ካርታ ላይ መስመር አስምሮ መወሰን ይችላል የሚለው ሐሳብ ከጣሊያኖቹ ጋር አልወጣም።

ጣሊያን ጥሏቸው የሄደው ጥቂት መኪኖች ለአንበሳ አውቶቡስ መነሻ ሆኑ። በ1930ዎቹ በጥቂት ተሽከርካሪ የተጀመረው አገልግሎት እያደገ ሄደ፤ ቀጥሎ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ትንንሾቹ ሴይቼንቶዎች መጡ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግሞ ዛሬ የምንጋፋባቸው ሚኒባሶች። ይሄን ክፍል ብዙ ሰው ጽፎበታል፤ የናፍቆት ፎቶውም ስለማይጠፋ አልፈዋለሁ።

እኔ የምቆመው ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ስለ አዋጁ ሲወራ የሚነሳው ቤታቸውን የተወረሱት ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ተገቢም ነው። በሌላ በኩል ግን ሳይታሰብ የሆነ ነገር አለ። ትንንሾቹ ቤቶች ቀበሌ እጅ ገቡ፣ የዝቅተኛው ተከራይ ኪራይ ተቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው ለአሥርት ዓመታት ካለበት ንቅንቅ አላለም። ደሃው መሀል ከተማ ላይ ቀረ። በብዙ የዓለም ከተማ የመሬት ዋጋ ሲንር ደሃ ወደ ዳር ይገፋል፤ እዚህ ግን የሚኒስትር መሥሪያ ቤት ጀርባ የጭቃ ቤት፣ የሆቴል አጥር ሥር የጋራ ሽንት ቤት ሆኖ ቀጠለ። ማንም እንደዚያ ብሎ ባይጠራውም የቀበሌ ቤት የትራንስፖርት ድጎማ ነበር። ለታክሲ ልትከፍል የነበረውን ገንዘብና ሰዓት በሚያፈስ ጣሪያ ትለውጠዋለህ።

የእኛ ቤት አራት ኪሎ አካባቢ ነበር፤ ኪራዩ በወር 7 ብር ከ50 ሳንቲም። እናቴ እዚያው አቅራቢያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች፣ ምሳዋን ቤት መጥታ ትበላለች፣ እኛም ከትምህርት ቤት መጥተን አብረናት እንበላለን። ያኔ ይሄ ሀብት መሆኑን የነገረን የለም። ክረምት ላይ ከጣሪያው ሥር ሦስት ባልዲ እንደቅናለና!

በ1997 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ እናቴ አንዷ ናት። ከሚደርሰው ቤት 30 በመቶው ለሴቶች ነው መባሉ ተስፋ ሰጥቷት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች እንደ ገርጂ ባሉ ከተማው ውስጥ ባሉ ቦታዎች ነው የተሠሩት። ቀጥሎ ጀሞ፣ ሰሚት፣ አያት መጣ። ከዚያ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ መሀል ከተማ ያለ መሬት ውድ ነው፣ ሰው አስነስቶ ማጽዳቱም ያስቸግራል። ዳር ላይ ያለ የእርሻ መሬት ግን ሰፊ ነው፣ ካሳውም ትንሽ ነው። ቤቱ ሲረክስ የቀረው ወጪ ወደ ነዋሪው ተዛወረ፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በሳንቲምና በእንቅልፍ ይከፍለዋል።

አሁን የእኔ ሙያ ወደሚነካው ነገር ልምጣ። ዕጣው የሚወስነው ቤት ይደርስሃል አይደርስህም የሚለውን ብቻ አይደለም። የት እንደሚደርስህም ይወስናል። ልጅህ የት ይማራል፣ ሥራህ የት ነው፣ ያረጀች እናትህ የት ናት ብሎ የሚጠይቅህ ፎርም የለም። ኮተቤ የምታስተምረው መምህርት ዕጣዋ ጀሞ ይወጣል፣ ጀሞ ጎን ፋብሪካ የሚሠራው ሰው የካ አባዶ ይደርሰዋል። ሁለቱ በየማለዳው ከተማዋን አቋርጠው ይተላለፋሉ። መለዋወጥ አይቻልም፣ እስከ 5 ዓመት መሸጥም አይቻልም። አንድ ጀማሪ ተማሪ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጽፎ ቢያሳየኝ «አንድ ዓምድ ረስተሃል፤ የሥራ ቦታ የሚል ጨምር» ብዬ እመልስለታለሁ።

ፍትሕ ነው የሚሉ አሉ፤ ገባኝ። ዘመድ ያለው መሀል ከተማ፣ የሌለው ዳር እንዳይሆን ዕጣ ይሻላል። ግን ዕጣው ራሱ የሚታመነው ኮዱ እስከታመነ ድረስ ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣ ተብሎ እልልታው ሳይበርድ፣ መሥፈርቱን የማያሟሉ ሰዎች መረጃ ሲስተሙ ውስጥ ገብቷል ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ፤ ዕጣው ከወራት በኋላ እንደገና ወጣ። ያን ሰሞን ሻይ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ስለ ዳታቤዝ ያወራ ነበር። ጎረቤታችን «አንተ የኮምፒዩተር ሰው አይደለህ፣ ይሄ ዕጣ እንዴት ነው ሚሠራው?» ብለው በር ላይ ያዙኝ። በቁጥር የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ከ1997 ጀምሮ የተመዝጋቢ ቁጥራቸውን በቃላቸው ይዘውታል። አሁንም ተከራይ ናቸው።

የእኛ የደረሰው ከዚያ በፊት ነው። ስሟ ጋዜጣ ላይ የወጣ ቀን እናቴ እልል ብላ ጎረቤቱን ከሰበሰበች በኋላ፣ ቡናው ሲደርስ ቀስ ብላ «ቱሉ ዲምቱ ግን በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እኛ ስንገባ ሕንፃው ነበር፣ መብራቱ በከፊል ነበር፣ ውሃው ይመጣል ይባል ነበር። ሕንፃው ከመቆሙ በፊት መሬቱ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ነው። ብሎካችንን በዘበኝነት ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ድሮ የሚያርሱበትን ቦታ በጣታቸው ያሳዩኛል፤ ብሎኮቹ መካከል ያለው የመኪና ማቆሚያ አጠገብ ነው። እሳቸው ቤታቸውን ሳይለቁ ሥራቸው ተነሥቶ የሄደባቸው ሰው ናቸው። እኛ ከሥራችን ራቅን፣ እሳቸውን ሥራቸው ራቃቸው። ስለ እኛ ሰልፍ ብዙ ሲወራ ስለ እሳቸው እርሻ የሚያወራ ጥቂት መሆኑ ያናድደኛል።

የሚገርመው ቱሉ ዲምቱ መንገድ አጥቶ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ከደጃችን ተነሥቶ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው አዳማ በአንድ ሰዓት ይደረሳል። ፒያሳ ግን ብዙ ቀን ከአዳማ ትርቃለች።

ባቡሩስ? መስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር እኔም እንደ ብዙ ሰው ዝም ብዬ ለመሳፈር ብቻ ተሳፍሬያለሁ። አንዱ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ጦር ኃይሎች፤ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ። ካርታውን ከኮንዶሚኒየሞቹ ካርታ ጋር ደርበህ እየው። ሀዲዱ ቃሊቲ ላይ ይቆማል፣ ቱሉ ዲምቱ ከዚያ ወዲያ ነው። አያት ላይ ይቆማል፣ ቦሌ አራብሳ ከዚያ ወዲያ ነው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግሥት የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ሊገናኙ ጥቂት ሲቀራቸው ቆሙ። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ ደግሞ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ወጡ።

ክፍተቱን የሞላው ሚኒባሱ ነው። ታፔላው «ቱሉ ዲምቱ – መገናኛ» ይላል፤ ማታ ላይ ግን መንገዱን ያቆራርጠውና ግማሽ ድረስ ብቻ ይጭናል፣ እዚያ ወርደህ እንደገና ትከፍላለህ። ወያላውን ስንሰድብ እንውላለን እንጂ ለእሱም ሂሳብ ነው፤ ረጅሙን መንገድ በመደበኛ ታሪፍ ሄዶ ባዶውን ከሚመለስ አጭሩን ሁለቴ ቢመላለስ ይሻለዋል። ቢሮ ያላቸው ሰርቪስ አላቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ፐብሊክ ሰርቪስ አለው። የተረፈው ሰልፍ አለው።

የእኛ ዘርፍ ሰዎች መፍትሔውን ስልክ ውስጥ ፈለጉት። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን ስትጀምር ራሷም ሶፍትዌር ሠሪ ነበረች። እንዲህ ያለው መተግበሪያ ለብዙ ሰው፣ በተለይ አምሽተው ለሚወጡ ሴቶች፣ ትልቅ ለውጥ ነው። ለቱሉ ዲምቱ ግን የአንድ መንገድ ሂሳቡ የብዙ ቀን የታክሲ ነው። ከቤት መሥራትም አለ። ኮሮና ጊዜ፣ ታክሲ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ በሚያስከፍልበት ወቅት፣ እፎይ ብዬ ነበር። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት ሲዘጋ እሱም አበቃ። አሁን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቢሮ ጄኔሬተር አለው፣ እኔ ቤት ሻማ ነው ያለው።

ስለዚህ ብዙ ሰው የራሱን ማስተካከያ ይሠራል። የደረሰውን ኮንዶሚኒየም ያከራይና በዚያው ብር መሀል ከተማ ደባል ሆኖ ይኖራል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አያት ያለውን ባለ ሁለት መኝታ አከራይቶ ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ውስጥ ለሦስት ይኖር ነበር። 2016 ላይ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ ቀጥሎም ካዛንቺስን ሲያነሣ ያቺ ክፍል አብራ ሄደች። ከዚያ አካባቢ የተነሡት ብዙዎቹ ገላን ጉራ ናቸው፤ ከእኛ ጋር አንድ አቅጣጫ። እሱ ወደ አያት ተመለሰ፣ ሰልፍ ላይም እንደኛው ሆነ።

እናቴ ጡረታዋ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ሁለት ታክሲ እየያዘች ተመላልሳለች። ምሳዋን በሳህን ትይዛለች፣ ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። አሁን ሥራ የለባትም፤ መንገዱ ግን አልቀረላትም። ዕድሯ አራት ኪሎ ነው። «ቱሉ ዲምቱም ዕድር አለ፣ እዚህ ግቢ» ስላት «እዚህ ማን ያውቀኛል? ስሞት የማን ናት ሊሉ ነው?» ትላለች። የድሮ ሰፈራችን ፈርሷል። ዕድርተኛው የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ኮዬ ፈጬ ተበትኗል። ወር በገባ ዕድሩ የሚሰበሰበው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ላይ ነው፤ አንዱ ቢሞት ድንኳኑን ለቅሶው ወዳለበት ኮንዶሚኒየም በኪራይ መኪና ይልኩታል። መተዳደሪያ ደንቡም ተሻሽሏል። ድሮ ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣ ነበር፤ አሁን እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ለቅሶ የደረሰ አይቀጣም። እናቴ ግን ቅጣቱ ይነሣ አይነሣ ግድ የላትም፤ ስልክ ተደውሎ ሰው ሞተ ከተባለ በእኔው ሰዓት፣ ከሌሊቱ አስር ተኩል ላይ፣ ነጠላዋን ለብሳ ሳሎን ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፤ አብረን እንሰለፋለን።