ቀንበር የተሰቀለበት ዘመን

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ሌላ ጊዜ «ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ትሉኛላችሁ። የዛሬው ግን በረቱ ባዶ የቀረበት፣ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት እውነተኛ ዘመን ነው።

1880 ዓ.ም. ላይ ነው። ኢጣሊያኖች ለጦራቸው በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ገባ። ከሰሜን ተነሥቶ በትግራይ፣ በወሎ አድርጎ ሸዋ ደረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል።

በሸዋ አንኮበርን የረገጠ ያውቀዋል፤ አገሩ ገደላገደል ነው። ላይኛው ደጋ ጉም ለብሶ ገብስ ያበቅላል፤ ከዚያ ቁልቁል ሲያዩት ዓይን የአፋርን በረሃ ይዞ ይሄዳል። በሬው ሲወድቅ ቀንበሩ ከግድግዳ ተሰቀለ። ላሚቱ ስትሞት የቀረው ወተቷ ብቻ መሰላችሁ? ኩበቱ ሲቀር ምድጃው በረደ፣ ፍጉ ሲቀር ጓሮው ከሳ። በዚያ ላይ ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን በሉት፤ ለዘር የተቀመጠው እህል ተቆላ። ሰው ቅጠልና ሥራሥር ለቀመ። ቀባሪ ታጣ፤ ጅብ በቀን ደጃፍ ደረሰ። እንዲህ ሆኖ እስከ 1884 ዘለቀ።

በምን ተነሡ ትሉኝ ይሆናል። በዶማ! በበሬ ማረስ የለመደው የሸዋ ገበሬ መሬት በእጅ መቆፈርን ይንቅ ነበር። ቤተ መንግሥታቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ያዛወሩት፣ በጥቅምት 1882 ዘውድ የጫኑት ዐፄ ምኒልክ ግን ራሳቸው ዶማ አንሥተው ቆፈሩ። ይህን የታሪካቸው ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መዝግበውታል። ንጉሡ ሲቆፍር ማን ይንቃል? መኳንንቱም ወታደሩም ተከተለ። እኔ ከዘውዱ ቀን ይልቅ ያንን የዶማ ቀን አከብራለሁ።

የከብቱ ነገር ግን በጥድፊያ የሚሆን አልነበረም። ጥጃ ተወልዶ፣ ወይፈን ሆኖ፣ ቀንበር እስኪለምድ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያው ባለ አንድ በሬው ከሌላው ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ፣ ተራ በተራ የአንዱን ማሳ ዛሬ፣ የሌላውን ነገ ያርስ ነበር። ጥማድ የሌለው ጎጆ በጎረቤት በሬ ቆመ። ይህ መቀናጆ ዛሬም አለ።

ደግሞ ይህን ስሙ። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከደስታ በሽታ ነፃ ተባለች፤ በ2003 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ክፉ ቀንን ከአያቱ ለሰማ የአንኮበር ገበሬ ሁሉ ይህን ወሬ አድርሱልኝ።