የወንጀል ክስ መዘግየትና የተፋጠነ ፍርድ የማግኘት መብት በኢትዮጵያ

የተፋጠነ ፍርድ የማግኘት መብት በወንጀል የተጠረጠረ ወይም የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ ያለ አግባብ ሳይጓተት ውሳኔ የማግኘት መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 እና 20፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. በተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ተደንግጓል።

የጊዜ ገደቦች

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ነቀምት ከተማ ውስጥ ለተያዘ ሰው ይህ ልዩነት አያመጣም፤ ከደምቢ ዶሎ ርቆ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ለተያዘ ገበሬ ግን 48 ሰዓቱ ሊረዝም ይችላል።

ከዚያ በኋላ ገደቡ እየላላ ይሄዳል። በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት አንድ የምርመራ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አልተወሰነም። ዐቃቤ ሕግ የምርመራ መዝገቡ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት አለበት (አንቀጽ 109)። ክስ ከቀረበ በኋላ ላለው ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ተገቢና አጭር እንዲሆን ከማዘዝ በቀር ቁጥር አላስቀመጠም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652 (በ2012 ዓ.ም. በሌላ ዐዋጅ ተተክቷል) እያንዳንዱን ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን ቢያደርገውም ጠቅላላውን ከአራት ወር እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። ጠንካራው ሕግ መደበኛው ሕግ የሌለው ጣሪያ ነበረው ማለት ነው።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ከክስ እስከ ፍርድ ያለውን ጊዜ በፍርድ ቤቱ ደረጃ በ18 ወይም በ30 ወር ወስኗል።

የአቶ በቀለ ገርባ ጉዳይ

የወለጋ ተወላጁና በወቅቱ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት መምህር በቀለ ገርባ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ታሰሩ። ከሌሎች 21 ሰዎች ጋር በሽብር የተከሰሱት በሚያዝያ፣ አራቱ ወር ሲሞላ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክሱን ወደ መደበኛ የወንጀል ክስ ለወጠው። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በ30,000 ብር ዋስ እንዲወጡ ቢፈቀድም አልተለቀቁም። በየካቲት ወር ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ። ከሁለት ዓመት በላይ ታስረው ጥፋተኛ ናቸው ወይም አይደሉም የሚል ፍርድ አልተሰጠም።

የደርግ ባለ ሥልጣናት ችሎት

በርዝመቱ የሚታወቀው ይህ ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። ፍርዱን ሳያዩ በእስር ላይ የሞቱ ተከሳሾች አሉ። ፍትሕ ይጠብቁ የነበሩት የተጎጂ ቤተሰቦችም 12 ዓመት ጠብቀዋል።

አስቸኳይ ጊዜ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሊታገዱ የማይችሉ ድንጋጌዎችን ይዘረዝራል። አንቀጽ 19 እና 20 በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በ2009፣ በ2010 እና በ2014 ዓ.ም. የታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጆች ወለጋን ጨምሮ በመላ አገሪቱ ተፈጻሚ ነበሩ።