የደላንታው ሐራጅና የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ

አሮጌ ልብስ የሚገዛ ሰው ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ችግር ያስገደደው ሲሆን፥ ልባሹን የሚመርጠው ስፌቱ አለመተርተሩንና ብል አለመብላቱን አገላብጦ አይቶ ነው። ሁለተኛው ግን የሚለብሰው ሞልቶት ሳለ ያለፈውን ዘመን ቀሚስ፥ ካባና የብር ጌጥ እያፈላለገ በብዙ ገንዘብ የሚሰበስብ ነው። ለዚህኛው ገዢ ዋጋው የሚቈረጠው በጨርቁ ጥንካሬ ሳይሆን በለበሰው ሰው ስም ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ፥ «የእገሌ ደጃዝማች ለምድ ነበረ» ማለቱን አይተውም፤ ከደጃዝማቹ ትከሻ እንዴት እንደ ወረደ የሚጠይቀው ገዢ ግን ጥቂት ነው።

በአገራችን ታሪክ የለበሰው ሰው ስም ዋጋ ያወጣበትን ገበያ ብንፈልግ፥ በ1860 ዓ.ም. በደላንታ ሜዳ ላይ የተደረገውን ሐራጅ እናገኛለን።

እንደሚታወቀው ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ሞትን መረጡ። የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች አምባውን እንደ ያዙ ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በረበሩ። ዘውዱ፥ ጽዋው፥ መስቀሉ፥ መጽሐፉ፥ የሐር ልብሱና ምንጣፉ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ፥ በሺሎን ተሻግሮ ከደላንታ ደረሰ። በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ለሐራጅ ቀረበ።

ከገዢዎቹ ዋነኛው ከጦሩ ጋራ የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ነበረ። በቂ ገንዘብ ይዞ ስለ መጣ በብዙው ዕቃ ላይ ሌላውን ሁሉ በለጠ። ለክፍለ ጦሩ የመኰንኖች ክበብ የሚገዛ አንድ ኮሎኔልም ይፎካከረው ነበር። የንጉሡ የግል ዕቃ ሲጠራ ግን ለራሳቸው የሚገዙ ባለጸጎች ሁለቱንም አልፈው ዋጋ ይጨምሩ ጀመር። ይህ ነገር በጣም ሊያስተውሉት የሚገባ ነው፤ የሟቹ ስም ገና በሳምንቱ የንግድ ዕቃ ሆኗልና። በጠቅላላው 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኘ፤ ለወታደሮቹ ሲከፋፈል ለያንዳንዳቸው የደረሳቸው ከ4 ብር ጥቂት የሚበልጥ ነው።

እዚህ ላይ ልንሰውረው የማይገባን ነገር አለ። ከዚያ ሀብት ከፊሉን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከጐንደር አብያተ ክርስቲያናት ወስደው ያከማቹት ነበር፤ የጐንደር ካህናት ልቅሶ ከደላንታው ገበያ ይቀድማል። ቢሆንም የአንዱ ቅሚያ ለሌላው ቅሚያ የባለቤትነት ወረቀት ሊሆነው አይችልም።

ይህ ሁሉ ሲሸጥ የንጉሡ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ በሕይወት ነበሩ። የሰሜኑና የትግሬው ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ የሆኑት እኒህ እመቤት፥ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን ይዘው ወደ ባሕር ከሚመለሰው ጦር ጋራ ሲጓዙ፥ ግንቦት 8 ቀን በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ልጃቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ መቃብሩም በዊንዘር ነው።

የእቴጌይቱ ቀሚስ፥ በሐር ክር የተጠለፈው የጥጥ ሸማ፥ በ1861 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት የህንድ ጉዳይ ሚኒስትር አማካይነት ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ተብሎ ለሚጠራው የለንደን ሙዚየም ተሰጠ። በመዝገቡ ላይ የሰጪው ስም ተጽፎበታል። «ሰጪ» የሚለው ቃል እኛን ያስገርመናል። እቴጌይቱ ለማን ሰጡ? ያን ጥልፍ በብዙ ቀን ድካም የጠለፈው ባለ እጅም ስሙ አልተመዘገበም። በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ሙዚየሙ ልብሱንና ጌጡን ለሕዝብ አሳየ፤ ብዙ የአገራችን ልጆችም ከመስተዋቱ ፊት ቆመው አዩት።

ከተወሰደው ውስጥ የተመለሰ የለም ማለት አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሣቤጥ ሁለተኛ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስረከቡ። በ2011 ዓ.ም. ከንጉሡ ራስ የተቈረጠው ጠጕር መጣ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሐራጅ ሊወጡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች የኢትዮጵያ ኤምባሲ በመቃወሙ ከሽያጭ ተነሥተው፥ በማግሥቱ ዓመት አዲስ አበባ ገቡ። ገዝቶ የመለሳቸው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ከደላንታ 153 ዓመት በኋላም ቢሆን ዕቃው ሁለተኛ ዋጋ ተከፈለበት። የእቴጌይቱ ቀሚስ ግን እዚያው ለንደን ነው።