የክረምት ውኃ በላሊበላ ዐለት ውስጥ

ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የጻፉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ የሚያደንቁትም የዓምዱን፣ የመስኮቱንና የመስቀሉን ቅርፅ ነው። ስለ ዝናቡ ውኃ መሄጃ የተናገረ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሳይታሰብ ቀርቶ ቢሆን ግን የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር።

ሌላው ሕንፃ ከምድር ወደ ላይ ይሠራልና ውኃው ከጣራው ወርዶ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይሄዳል። የላሊበላው ግን ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ስለ ሆነ ዝቅተኛው ስፍራ ራሱ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ይሆናል፤ እንግዲህ ስፋቱ 20 ሜትር በ20 ሜትር በሆነ ጉድጓድ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 12,000 ሊትር ይጠራቀማል ማለት ነው። ይህም ከዙሪያው ተዳፋት የሚጎርፈው ሳይቈጠር ነው። መውጫ ባይኖረው በክረምት ቅዳሴ በታጐለ ነበር።

በ12ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በቅዱስ ላሊበላ ስም የሚታወቀውን ሥራ የፈጸሙ ጠራቢዎች ይህን አስቀድመው አስበዋል። ከግቢው ቦይ፣ ከቦዩም ጥልቅ ሰርጥ እያወጡ ውኃውን ወደ ቁልቁለቱ ሰደዱት። በቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ዳር የተጠረቡት አሸንዳዎች ውኃው ግድግዳውን እንዳያርሰው አርቀው ይጥሉታል። በሁለቱ ወገን አብያተ ክርስቲያናት መካከል በሰው እጅ የተቈፈረውም ቦይ ዮርዳኖስ ተብሎአል፤ ምእመናን በዚያ የጌታን ጥምቀት ያስባሉ፣ ጎርፉም በዚያው ያልፋል።

ዐለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘና ለመጥረብ የሚመች ነው፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ ግን ውኃ ለመጠጣትም ፈጣን ነው። ቦዩ በደለል ሲደፈን ውኃው በግድግዳው እግር ሥር ይተኛል፤ ዐለቱም በየዓመቱ እየራሰና እየደረቀ ይሰነጠቃል። ቀድሞ ዝናቡን ይከለክላል ተብሎ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር፤ እርሱንም በ1960ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ኢጣሊያዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ አስፋቀው። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ5 አብያተ ክርስቲያናት ላይ ታላላቅ መጠለያዎች ቆሙ። መጠለያው ዝናቡን አስቀርቶአል፤ ነገር ግን ለጊዜው የታሰበ ነበርና ክብደቱ በዐለቱ ላይ ጉዳት እንዳያመጣ ካህናቱና የከተማው ሰዎች መስጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኔ አስተያየት ከመጠለያው አስቀድሞ የጥንቱን ቦይ መጥረግ ይገባ ነበር።

ቤተ ጊዮርጊስ ግን ያለ መጠለያ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በጣራው መስቀል ላይ ይወርዳል፣ በአሸንዳዎቹም ይወጣል።